የማዶው እንቁራሪትና የእኔ እግር

እግሬን ለሰው ማሳየት አልወድም። ስለ እግሬ መጻፍ ግን ይቀለኛል፤ ወረቀት አፍንጫ የለውም።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ማሳ ዳር በተሠራ ዳስ ውስጥ ነው። ያኔም ልቤ ሰሌዳው ላይ አልነበረም፤ የቦይ ውሃ ተራዬ እንዳታልፈኝ ነበር የምጨነቀው። ስለዚህ አጻጻፌ ቢጣመም አይገርምም። ነገሩን ግን እንደሆነው ነው የምጽፈው፣ እኔን የሚያሳፍረኝንም ጭምር።

ማሳዬ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ወደ ጀውሃ በሚወስደው አስፋልት ግራ ነው። ቀይ ሽንኩርትና ማሾ አመርታለሁ። ከሮቢ ወንዝ የተጠለፈ ቦይ በማሳዬ ጠርዝ ያልፋል። ከቦዩ ማዶ ያለው ማሳ የአንድ ሰውዬ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ቤቴ ውስጥም ስሙን አልጠራም፣ «የማዶው» ነው የምለው። ባለቤቴም ለምዳዋለች። በአንድ ክረምት ተወልደን፣ በአንድ ቀን ተገርዘን፣ ይኸው ሰባ ሊሞላን ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ያልቀናሁበት ነገር ካለ ረስቼው ነው። ማንጎው ከእኔ ማንጎ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይበስላል። አዛን ሲያደርግ ድምፁ ያምራል፣ ሰው ሥራውን ትቶ ያዳምጠዋል። ጥርሱ አንድም አልረገፈም። በዚህ ሁሉ ደግሞ አይኮራም። ቢኮራ ኖሮ እጠላውና ይወጣልኝ ነበር።

መስጂድ ስንሰግድ የምንቆምበትን መስመር ሶፍ እንለዋለን። ሶፍ ሲስተካከል ትከሻ ከትከሻ፣ እግር ከእግር ይገጥማል፤ በሁለት ሰው መሃል ክፍተት አይተውም። የምንቆመው ደግሞ ባዶ እግራችንን ነው። እኔና የማዶው በንጋቱ ሱብሂ ሶላት ላይ ማን ቀድሞ ይደርሳል እያልን ስንሽቀዳደም ኖረን፣ የፊተኛው ሶፍ ቀኝ ጫፍ፣ መስኮቱ ስር ያለው ቦታ የሁለታችን ሆኖ ቀረ። የእሱ ግራ እግር ከእኔ ቀኝ እግር ጋር ስንት ዓመት እንደተዋወቀ አላህ ይወቀው።

ከዚያ እግሬ ተበላሸ። መስኖ ላይ የዋለ ሰው ያውቀዋል። መጀመሪያ በትንሿ ጣትና በጎረቤቷ መሃል ቆዳው ነጣ፣ ሞሰሰ፣ ተላጠ። ቀጥሎ ማሳከክ። ቀጥሎ መሰንጠቅ። ጥፍሮቼም አሮጌ ቀንድ መስለው ወፈሩ። ጤና ጣቢያ ሄጄ «ፈንገስ ነው» ብለው ቅባት ሰጡኝ። ቀባሁት፣ ማሳከኩ ተወኝ፣ እኔም ቅባቱን ተውኩት። ተመለሰ። እንደገና ቀባሁ፣ እንደገና ተውኩ። እንዲህ ስንባባል ስንት ዓመት ሄደ። በኋላማ ቅባቱን ሲያየው የሚስቅ ይመስለኝ ጀመር።

አንድ ቀን የቀትሩን ዙህር ሰግደን ስንጨርስ የማዶው ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ፣ ተነሳ፣ ከሶላት በፊት ወደምንታጠብበት ውዱእ ማድረጊያ ሄደና ግራ እግሩን ብቻ ታጠበ። ተመልሶ ስለ ውሃ ተራ አወራኝ። እኔ ግን አየሁ። በማግስቱ የመጨረሻው ሶፍ ላይ፣ ጫማ ከሚወልቅበት አጠገብ ቆምኩ። ሰው ሲጠይቀኝ «አርጅቻለሁ፣ ቶሎ ለመውጣት ነው» አልኩ። ቦታዬ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ቆመበት።

«ምነው ከሸበጥ ጋር መስገድ ጀመርክ?» አለኝ የማዶው።

«ንፋስ ይሻላል እዚያ።»

«መስኮቱ እኮ እኛ ጋ ነው።»

ያን ቀን ለራሴ አንድ ነገር ተናገርኩ፤ እግሬ ይድናል፣ ቦታዬ ላይ እመለሳለሁ፣ በዚህ ውስጥ የዚያ ሰውዬ እጅ አይኖርበትም። ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም። የከፋኝ ደግሞ እሱም እንደ እኔ አርባ ዓመት ውሃ ውስጥ መቆሙ ነው። ያው ቦይ፣ ያው ጭቃ። እግሩ ግን የሙሽራ እግር ነው፣ ተረከዙ እንኳ አልተሰነጠቀም።

የበጋው ሽንኩርት ሁለተኛው ኩትኳቶ ላይ እያለ፣ ጠዋት ፀሐይ ገና ስትወጣ አንዲት ልጅ ከባጃጅ ወረደች። ትልቅ ቦርሳ አንግታለች፣ የጎማ ቦቲ አድርጋለች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምትመራመር ናት። ማሳዬ ላይ ነው የቆመችው፣ ይሄ ይመዝገብልኝ፤ መጀመሪያ የመጣችው እኔ ጋ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ። እንቁራሪት ፈልጌ ነበር።»

«ምን?»

«እንቁራሪት። ቦይ ዳር፣ ኩሬ ዳር የሚኖሩትን።»

ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ እንቁራሪት ፍለጋ ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ግን እንግዳ ናት፣ ፈልጋ የመጣችውን እኔ ጋ ታገኛለች ብዬ ኩራት ተሰማኝ። አባቴ በሕይወት እያለ ይሄ ቦይ በእንቁራሪት ጩኸት አያስተኛም ነበር። ይዣት ወረድኩ። ሣሩን ገለጥኩ፣ ድንጋይ ገለበጥኩ። ምንም። አንዲት እንኳ። የረጨሁበት የኬሚካል ጠርሙስና ፓኬት ብቻ ከሣሩ ስር ብቅ ብቅ አለ።

ልጅቱ አንዱን ጠርሙስ አንስታ አየችው።

«ይሄን ስንት ጊዜ ነው የሚረጩት?»

«በየሳምንቱ። ሽንኩርት ካልተረጨ አይሆንም። ያ ማዶ የምታይው ሰነፍ አይረጭም፣ ሽንኩርቱን እይው፣ የልጅ ጣት ነው የሚያክለው።»

እሷ ግን ሽንኩርቱን አላየችም። ጆሮዋን ወደ ማዶ አዙራ ቆመች። እኔም ያኔ ነው የሰማሁት። ከማንጎዎቹ ስር፣ ውሃ ከሚያቁረው ጉድጓድ፣ እንቁራሪቶቹ ይጮሃሉ። በየቀኑ ይጮሁ የነበረ ድምፅ ነው፤ ያን ቀን ግን በእኔ ላይ የሚስቁ መሰለኝ።

«ይቅርታ አባባ፣ ልሻገር» አለችና ተሻገረች።

ሦስት ጠዋት መጣች። ሦስቱንም ጠዋት እኔ ኩትኳቶ አስመስዬ ቦዩ ዳር ሆኜ አየሁ። እንቁራሪቷን በእርጥብ ጓንት ትይዛለች፣ ጀርባዋን ቀስ አድርጋ ታሻታለች፣ ከቆዳዋ የሚወጣውን ሙልጭልጭ ነገር በጥቂት ውሃ አጥባ በትንሽ ቱቦ ትቀበላለች፣ እንቁራሪቷን መልሳ ትለቃለች። የማዶው አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ሽርጡን ሰብስቦ «ያቻትና! ከደንገሉ ስር! ትልቋ!» እያለ ይጠቁማል። በሁለተኛው ቀን ከእንቁራሪት ጋር ፎቶ አነሳችው። ያ ሰውዬ ከእንቁራሪት ጋር ሆኖም ያምራል።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት።

«በእንቁራሪት ቀናህ?» አለች።

«ማን ቀና?»

«ያ ረቢ! በማንጎ ሲቀና አየሁ፣ በጥርስ ሲቀና አየሁ፣ በእንቁራሪት የሚቀና ሽማግሌ ሳላይ እንዳልሞት ነው ያቆየኸኝ?»

በሦስተኛው ቀን አልቻልኩም፣ ቦዩን ተሻገርኩ። ልጅቱን «ይሄ ለምንድነው?» አልኳት። ምርምሯን ለእኔ ለማስረዳት አልሰነፈችም፣ እንዲያውም ቦቲዋ ጭቃ ውስጥ እንደተተከለ ነው የነገረችኝ።

«እንቁራሪት ቀኑን ሙሉ ውሃና ጭቃ ውስጥ ትውላለች፣ አይደል አባባ? ፈንገስ ደግሞ እርጥበት ይወዳል። ታዲያ ቆዳዋ ለምን አይበሰብስም?»

እግሬን ወደ ኋላ ሰበሰብኩ።

«ከቆዳዋ በሚወጣው ነገር ውስጥ ጥቃቅን የፕሮቲን ቁራጮች አሉ። ፔፕታይድ እንላቸዋለን። ፈንገሱ ሲያርፍባት ሽፋኑን ይበሱታል። የተበሳ ጀሪካን ውሃው እንደሚፈስ፣ የፈንገሱም ሆድ ይፈስና ይሞታል። የሁሉም እንቁራሪት አንድ አይደለም፣ ለዚህ ነው የዚህን አካባቢ የምፈልገው። መድኃኒቶቻችንን የለመዱ ፈንገሶች እየበዙብን ነው፣ አዲስ ነገር እንፈልጋለን።»

«ለሰውስ አላህ እንዲህ ያለ ነገር አልሰጠውም?»

«ሰጥቶታል። በላብዎ፣ በእንባዎ፣ በቆዳዎ ውስጥ አለ። ግን ሁልጊዜ የሚርስና የተሰነጠቀ ቆዳ አጥሩ እንደፈረሰ ማሳ ነው። ፔፕታይዱ ብቻውን አይችለውም።»

ይሄን ስትል የማዶውን እግር አየሁ። ጭቃ ውስጥ ቆሟል፣ በጣቶቹ መሃል ጭቃው እንኳ ያምርበታል። የእሱን አጥር ማን አጠረለት?

ከዚያ ልጅቱ ቀጠለች። «ደግሞ ፈንገሱንም እፈልጋለሁ፤ ላብራቶሪ ሳህን ላይ አሳድጌ ከፔፕታይዱ ጋር አገጥመዋለሁ። ከገበሬዎች እግር ላይ ትንሽ ትንሽ ፍቄ እወስዳለሁ። እዚህ አካባቢ እግሩን የሚያመው ሰው ታውቃላችሁ?»

የማዶው ከኩሬው ቀና አለ። ክፋት አልነበረበትም፣ ወላሂ አልነበረበትም፣ ሊያግዛት ነው።

«እግር ከፈለግሽ ምን ያደክምሻል? ይኸው የእሱ እግር! የእሱን እግር ካየሽ ሌላ አትፈልጊም!»

ውሃ ተራ የሚጠብቁ ገበሬዎች ነበሩ፣ ሳቁ። ፊቴ እንደ በርበሬ ነደደ። ዞሬ ልሄድ ነበር። ግን ልጅቱ በሳቅ ሳይሆን በጉጉት ነበር የምታየኝ፣ እሱን ኩሬው ዳር እንዳየችው። እኔ ዘንድም የምትፈልገው ነገር ተገኘ። ቦዩ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ሸበጤን አወለቅኩ።

«እንቺ» አልኳት። «ውሰጂ።»

በምላጭ ቀስ አድርጋ ፋቀች። ከጣቶቼ መሃል፣ ከጥፍሬ ስር። የረገፈውን በወረቀት አጥፋ አሸገችው። ቅባቱን እንዴት እንደተጠቀምኩ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች።

«በመሃል ማቋረጥ ነው ያጠናከረው ሳይሆን አይቀርም። የርስዎ ግትር ይመስላል።»

«ማን? እኔ?»

«ፈንገሱ።»

«የእሱ አይደል፣ ማንን ይመስላል!» አለ የማዶው።

ስትሰነባበት ሆስፒታል እንድሄድ፣ የሚዋጥ ኪኒን እንዳለ ነገረችኝ። የእንቁራሪቱ ነገር መድኃኒት ይሁን አይሁን ገና እንዳልታወቀ፣ ማንም ሰው እንቁራሪት ይዞ እግሩ ላይ እንዳያሽ አስጠነቀቀች። ውጤቱን በስልክ እነግራችኋለሁ አለች። የማንን ስልክ ቁጥር ጻፈች? የማዶውን።

ያን ሰሞን ሐሳቤ ሁሉ አዲስ አበባ ነበር። የእሱ እንቁራሪት መድኃኒት ሆና፣ የእኔ እግር በሽታ ሆኖ፣ አንድ ሳህን ላይ ይገጥማሉ። ልቤ ለማን እንደቆመ ልናገር? ለፈንገሱ። እግሬን የሚበላውን፣ ከቦታዬ ያፈናቀለኝን ፈንገስ «በርታ» እለው ነበር። ሰው እንዲህ ይሆናል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ሰባ ዓመት ከአንድ ቦይ ማዶ ለማዶ ይኑርና ይጠይቀኝ።

ግን መዳንም እፈልጋለሁ። ሆስፒታል ብሄድ የማዶው «ልጅቱ ያለችውን ሰማህ» ይለኛል። ብጠብቅ በእንቁራሪቱ ሊያድነኝ ነው። በሱ እንቁራሪት ድኜ ከጎኑ ከምቆም ከሸበጥ ጋር ብሰግድ ይሻለኛል። እንዲህ ሳሰላስል ነው ዓይኔ ጎተራው ጥግ ያለው የሽንኩርት ዱቄት ላይ ያረፈው። ሽንኩርት ቅጠሉ ሲጠቁርና ሲደርቅ የምንረጨው ኬሚካል ነው። የልማት ሠራተኛው ሲያስተምረን «ይሄ ለፈንገስ ነው» ብሎናል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ታዲያ የሽንኩርቱን ፈንገስ አሥራ አምስት ጥማድ ሙሉ የሚፈጅ ዱቄት አንድ የእኔን እግር ማዳን ምን ያቅተዋል?

ባለቤቴ ገበያ ሄዳ ነበር። ከዙህር በኋላ ከቤቱ ጀርባ ተቀምጬ ሁለት ማንኪያ በጥቂት ውሃ በጠበጥኩ። ለሽንኩርት የሚበጠበጠው ቀጭን ነው፤ እኔ ወፍራም አደረግኩት፣ የእኔ ግትር ነው ተብሏላ። በጣቶቼ መሃል ሞላሁት። እንዳይደርቅብኝ እግሬን በፌስታል ጠቅልዬ በክር አሰርኩት። ሲያቃጥለኝ ደስ አለኝ። «እየሞተ ነው» አልኩ።

በማግስቱ ቆዳው ተቀቀለ። በሦስተኛው ቀን እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ቀልቶ አበጠ፣ ትንሿ ጣቴ ጠቆረች፣ መቆም አቃተኝ። የሸፈንኩበትን ጨርቅ አንስታ ያየችው ባለቤቴ ጩኸቷን በነጠላዋ አፈነች።

«ምን አደረግክበት?»

«ምንም።»

«ሽታው የጎተራው ነው! አንተ ሰውዬ፣ ያን ዱቄት…! የማዶውን ልጥራ።»

«እሱን እንዳትጠሪ!»

«ታዲያ ማንን ልጥራ? እንቁራሪቱን?»

ወጣች። ብዙም ሳይቆይ የባጃጅ ድምፅ ሰማሁ። የማዶው ገባ፣ እግሬን አየ፣ ሽታውን ሳበ። ጎንበስ አለና እጄን በአንገቱ ላይ አድርጎ አነሳኝ። ወገቡ ሲንቋቋ ተሰማኝ። ባጃጁ ውስጥ እግሬን ጭኑ ላይ አስቀመጠው፣ በባዶ እጁ ደግፎ፣ ጉድጓድ በመታን ቁጥር ከፍ እያደረገ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። «አባባ፣ ምን ነካው?» አለኝ።

«እንቅፋት።»

ሐኪሙ የማዶውን አየ። የማዶው ጣራውን አየ። «ሽንኩርት መስሎት ነው» አለ የማዶው።

«ምን?»

«እግሩን። ሽንኩርት መስሎት የሽንኩርት ኬሚካል ረጨበት። ንገረው እንጂ አንተ፣ ሐኪም ካላወቀ በምን ያክምሃል?»

ነገርኩት። ሐኪሙ ጓንቱን አደረገና ትንሿን ጣቴን ይዞ አገላበጣት። ከዚያ የተቃጠለው ላይ ሌላ ቁስል እንደገባበት፣ ሁለት ቀን ብዘገይ ኖሮ ጣቷ ትቆረጥ እንደነበረ፣ አሁንም እንዳልተረፈች ነገረኝ። በየቀኑ እየመጣሁ እንድታጠብ አዘዘ። በየቀኑ የሚያመላልሰኝ የማዶው ሆነ። እምቢ ብልስ በየትኛው እግሬ?

በአንዱ ቀን ስንመለስ መኪና መንገዱን ዘግቶት ባጃጃችን ቆመ። ድንገት ከአፌ አመለጠኝ።

«ያን ቀን እግርህን ለምን ታጠብክ?»

አልተደናገጠም። የትኛውን ቀን እንደምል አውቋል።

«ሸተተኛ። ምን ላድርግ? ታጠብኩ።»

«እኔም ለዚያ ነው ቦታዬን የለቀቅኩት።»

«እኔ እግሬን ስታጠብ አንተን ምን አስነሳህ? እኔ እታጠባለሁ፣ አንተ ትቆማለህ። ያ ልብስ ሰፊ ለሩኩዕ ባጎነበሰ ቁጥር ጉልበቱ ይጮሃል፣ ሶላቴን አበላሸኸው!»

ልስቅ ነበር፣ ዋጥኩት። ከዚያ ለዓመታት የቆየብኝን ሌላ ነገር ጠየቅኩት፤ ለምን እንደማይረጭ። አንድ የረቀቀ ነገር ይነግረኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ጀርባዬ መች መርጫ ይችላል?» አለ። «ካራቆሬ ገበያ ስንሄድ ከግመል የወደቅኩ ጊዜ አልነበርክም? ከዚያ ወዲህ ውሃ የሞላ መርጫ ማዘል አልችልም። ሰው ከምለምን ብዬ ተውኩት።»

ነበርኩ። ሲወድቅ ስቄበታለሁ። እንግዲህ አስቡት፤ ከግመል መውደቁ እንኳ ለእሱ እንቁራሪት ሆኖለታል።

እግሬ ቀስ እያለ ደረቀ። ጣቴ ተረፈች፣ አልሐምዱሊላህ፣ ትንሽ ጎበጠች እንጂ። ቁስሉ ሲሽር ሐኪሙ ደሜን መርምሮ ጉበቴን አየና ለፈንገሱ የሚዋጠውን ኪኒን ጀመረልኝ። ወራት ይፈጃል አለ። «ማሳከኩ ተወኝ ብለው ቢያቆሙ እኔ ጋ እንዳይመጡ» አለኝ። ባለቤቴ በየጠዋቱ ኪኒኑን ምላሴ ላይ አስቀምጣ እስክውጥ አፌን ታያለች።

የማሾ ለቀማ ላይ ሳለን የማዶው ስልኩን እያውለበለበ በቦዩ ዳር መጣ። ልጅቱ ናት። ድምፁን ከፍ አድርጎ በመሃላችን ያዘው።

«አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? እግርዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። የእኔው ምን ሆነ?»

«የርስዎን ፈንገስ ላብራቶሪ ውስጥ አሳደግነው። ብዙ ጊዜ የምንሰጠው ቅባት አልገደለውም፣ ለምዶታል። ከእንቁራሪቷ ያገኘነው አንዱ ፔፕታይድ ግን እድገቱን አቆመው። መጠኑን ስንጨምር ሞተ።»

የማዶው ጥርሱን ሁሉ አሳየኝ። ያንን ያልረገፈውን ጥርስ።

«ግን ሳህን ላይ ነው» አለች ልጅቱ ቶሎ። «የሰው ቆዳ ላይ ሌላ ነገር ነው። የሰውን ሕዋስ ይጎዳ እንደሆን ገና እናያለን፣ ቆዳ ላይ ሳይበላሽ ይቆይ እንደሆን እናያለን። መድኃኒት ለመሆን ዓመታት ይፈልጋል፣ ላይሆንም ይችላል። ኪኒንዎን እንዳያቋርጡ።»

«አላቋርጥም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ይጠይቁኝ።»

«ከሌሎቹ ገበሬዎች ፈንገስ ጋር ስታስተያይው… የእኔው እንዴት ነው?»

ፈገግ ያለች መሰለኝ።

«እስካሁን ካየናቸው ለመሞት ያስቸገረን የርስዎ ነው።»

ደስ አለኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እጅግ ደስ አለኝ። የማዶው ስልኩን ዘግቶ አየኝ።

«አንተ ሰው፣ ጣትህን ሊያስቆርጥህ ለነበረ ጠላት ነው እንዴ እንዲህ የምትደሰተው?»

«ያንተይቱ አንድ ለአንድ አልቻለችውም፣ መጠን ሲጨመርላት ነው።»

«ሞቷል እኮ!»

«ታግሎ ነው የሞተው።»

ባለቤቴ ማሾ እየለቀመች ሰምታናለች። «ተዝካር አውጣለት በለው!» ብላ ጮኸች ለማዶው። እኛ ተዝካር አናውቅም፤ እሷ ግን ስትናደድ የክርስቲያን ጎረቤቶቻችንን ልማድ ትዋሳለች።

ዘንድሮ ከቦዩ ዳር ያሉትን ሦስት ትልሞች ሳልረጭ ተውኳቸው። ለማንም አልነገርኩም፤ የማዶው ግን ከቅጠሉ አወቀ፣ ትል ቦጫጭቆታል። አንድ ጠዋት በባልዲ አምስት እንቁራሪት ይዞ ቦዩ ዳር ቆመ።

«እንካ፣ ልልቀቅልህ።»

«የሰው እንቁራሪት አልፈልግም።»

«ልጆቻቸው ያንተ ይሆናሉ።»

«መምጣት ከፈለገች በራሷ እግር ትምጣ።»

ባልዲውን ይዞ ተመለሰ። እስካሁን አልመጡም። ከሰሞኑ አንዲቷ ቦዩ መሃል ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አይቻለሁ፣ ፊቷን ግን ወደ እሱ አዙራ ነበር።

ኪኒኑን የጨረስኩ ዕለት፣ ለከሰዓቱ አስር ሶላት፣ ቦዩ ዳር ውዱእ አደረግኩ። በጣቶቼ መሃል ጣቴን ሳስገባ የሚላጥ ነገር አልነበረም። እጄን አሸተትኩ። ውሃ ብቻ ነው የሚሸተው። ጥፍሮቼ ገና ናቸው፣ ግማሹ ቀንድ፣ ግማሹ ሰው። መስጂድ ገብቼ ጫማ ማውለቂያውን አለፍኩ፣ ሁለተኛውንም ሶፍ አለፍኩ። ልብስ ሰፊው አየኝና ወደ ግራ ተንፏቀቀ። ጉልበቱ ጮኸ።

ቦታዬ ላይ ቆምኩ። ግን ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት ተውኩ፣ እንዳልነካው። ኢማሙ ዞር ብሎ «ሶፋችሁን አስተካክሉ፣ ክፍተቱን ድፈኑ» አለ። እኔ አልተነቃነቅኩም። የማዶው ዓይኑ ፊት ለፊት እንደሆነ እግሩን ጎተተና ከእግሬ ጋር አጋጠመው። ከውዱእ የቀረ ውሃ ስላለበት ይቀዘቅዛል።

«ከተጋባብኝ» አለ በሹክሹክታ፣ «እንቁራሪቶቹ እንዳሉልኝ አትርሳ።»

«አውቃለሁ» አልኩት። እግሬን አልሸሸሁም።

ኢማሙ አላሁ አክበር አለ። ዓይኔ ግንባሬ የሚያርፍበት ቦታ ላይ መውረድ ነበረበት። ወረደም። ሲወርድ ግን በመንገዱ ላይ የእሱን እግር አየ። አንድ ስንጥቅ እንኳ የለበትም፣ የዚያ ሰውዬ።